ከደብረ ሐዊ እስከ ስድስት ኪሎ

ከጎንደር ተነስቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው ወገራን አቋርጦ፣ ዳባትን አልፎ፣ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሄድ ደባርቅ ይገባል። ብዙ ሰው ደባርቅን የሚያውቃት በአንድ ነገር ነው፤ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ናት። ቱሪስቱ ቲኬት ቆርጦ፣ ስካውትና በቅሎ ይዞ፣ ጭላዳና ዋልያ ሊያይ ወደ ሳንቃበር ይወጣል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲከፈት ከገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ነው። ስለ ገደሉና ስለ እንስሳቱ ብዙ ተጽፏል። እዚያው ተራራ ላይ ስለነበረ ትምህርት ቤት ግን ከቤተ ክህነት ሰዎች ውጭ የሚያወራ ጥቂት ነው።

ትምህርት ቤት ስል ለማሳመር አይደለም። በቤተ ክርስቲያኒቱ ትውፊት፣ የዜማ አባት የሚባለው ቅዱስ ያሬድ ከአክሱም ወጥቶ ቀሪ ዘመኑን ያሳለፈው፣ ደቀ መዛሙርት ያፈራውና በመጨረሻም የተሰወረው ስሜን ውስጥ፣ ደብረ ሐዊ በሚባለው ቦታ ነው። እንግዲህ አገራችን ውስጥ ድምፅን፣ ከበሮንና የሰውነት እንቅስቃሴን በደረጃና በፈተና የማስተማር ታሪክ ይጻፍ ከተባለ፣ ታሪኩ ከአዲስ አበባ በፊት በዚህ ደጋ ማለፉ የግድ ነው።

እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ። የተመረቅሁት በምህንድስና ነው፤ ድጓ አልተማርኩም፣ መድረክ ላይም ወጥቼ አላውቅም። ያደግሁት ግን ዳባት ነውና የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ በራችን ላይ ሲቆም እያየሁ ነው ያደግሁት። ስለ ክዋኔ ጥበባት ትምህርት ታሪክ ማንበብ የጀመርኩት በሙያዬ ልማድ ነው። እኛ ዘንድ አንድ ሥርዓት ሲፈተሽ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ዳታው የት ነው የተቀመጠው?» የሚል ነው። ይህን ጥያቄ ይዤ ሁለቱን ትምህርት ቤቶች፣ የኔታ ደጅ ያለውንና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለውን፣ ጎን ለጎን አየኋቸው። ሁለቱም በድምፅና በሰውነት የሚሠራ ጥበብ ያስተምራሉ። ማን ያስተምር በሚለው ላይ ግን እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ዋጋ እያስከፈለን ያለው ይሄ ይመስለኛል።

ትል፣ ጦርና ተራራ

ያሬድ በ505 ዓ.ም. አክሱም እንደተወለደ፣ አባቱን በልጅነቱ በማጣቱም አጎቱ መምህር ጌዴዎን እንዳሳደጉት ይነገራል። ልጁ ትምህርት አልገባው አለ። አጎቱ ገረፉት፤ እሱም ጠፍቶ ሄደ። ማይ ኪራሕ በተባለ ቦታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንዲት ትል ዛፉን ለመውጣት ስትሞክር፣ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ሲሳካላት አየ። ተመለሰና ተማረ። በኋላም ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉትን ሦስት የዜማ ስልቶች፣ እንዲሁም ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት የተባሉትን የዜማ መጻሕፍት እንደደረሰ ትውፊቱ ይናገራል።

ሁለተኛው ትዕይንት በአጼ ገብረ መስቀል ፊት ነው። ያሬድ ሲዘምር ንጉሡ በዜማው ተመስጦ ጦሩን እግሩ ላይ ተከለበት። ደም ፈሰሰ፤ ዜማው እስኪያልቅ ግን ወጊውም ተወጊውም አላወቁም። ንጉሡ ደንግጦ የፈለገውን እንዲጠይቅ ቢፈቅድለት ያሬድ የጠየቀው ስንብት ነበር። ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ወደ ስሜን ሄደ።

የታሪክ ሰዎች እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያደርጋሉ፤ ልክም ናቸው። ገድሉ የተጻፈው ከዘመኑ ብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው። ድጓውም ዛሬ ባለው መልኩ የብዙ ትውልድ እጅ ያረፈበት መጽሐፍ ነው። ለእኔ ጥያቄ ግን ገድሉ ሌላ ጥቅም አለው። ሊቃውንቱ ስለ ራሳቸው ሙያ ምን ያስቡ እንደነበር ይነግረናል። ዜማው ከሰማይ የወረደ ነው ብለው ሲያበቁ፣ ባለታሪኩን ትምህርት የማይገባው፣ የሚገረፍ፣ የሚጠፋና ከመደጋገም የሚማር ልጅ አደረጉት። ጸጋ ያለ ልምምድ አይበቃም ማለታቸው ነው። ታላቁን ዘማሪም ቤተ መንግሥት ውስጥ አላስቀሩትም፤ ተማሪ ወዳለበት ተራራ ላኩት።

አገር የሚያህል ግቢ

የቤተ ክህነቱን ትምህርት ከዘመናዊ ዩኒቨርሲቲ ጋር ማነጻጸር የተለመደ ነው፤ አብዛኛው ንጽጽር ግን ውዳሴ ሆኖ ይቀራል። እኔ አሠራሩን ላሳያችሁ።

ተማሪው ከንባብ ቤት ይነሳል፤ ፊደል ይቆጥራል፣ ዳዊት ይደግማል። ቀጥሎ ዜማ ቤት ይገባል፤ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍና ድጓ ይማራል። ከዚያ በኋላ ያለው ልክ እንደ ዲፓርትመንት በየሙያው የተከፋፈለ ነው። ልዩነቱ ዲፓርትመንቶቹ በአንድ ግቢ ውስጥ አለመሆናቸው ነው። ድጓ ማስመስከር የፈለገ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ይሄዳል። ዝማሬና መዋሥዕት የሚመሰከረው ዙር አባ ነው። ቅዳሴ የፈለገ ሰለልኩላ ወይም ደብረ ዓባይ ይወርዳል። አቋቋም ደግሞ ጎንደር በአታ ነው። ከወገራ ወይም ከጃናሞራ የተነሳ ልጅ ይህን ሁሉ የሚያዳርሰው በእግሩ ነበር። ግቢው አገር ያህላል።

ፈተናው «ማስመስከር» ይባላል። ቃሉን ልብ በሉ። ተማሪው መምህሩ ፊት ተቀምጦ የተማረውን በቃሉ ይወጣል፤ መምህሩም «አዎ፣ ይህ ሰው ያውቃል» ብሎ ይመሰክርለታል። የወረቀቱ ዋጋ የሚመጣው ከመስካሪው ስም ነው። «ከማን ተማርክ?» የሚለው ጥያቄ «የት ተማርክ?» ከሚለው ይቀድማል። ሌላው ጉዳይ ደግሞ ማስተማር የትምህርቱ አካል መሆኑ ነው። ነባሩ ተማሪ ለጀማሪው ቀለም ይነግራል፤ የኔታ ከላይ ሆነው ያርማሉ። አንድ መምህር ብዙ ተማሪ ማስተናገድ የሚችለው በዚህ ነው።

አቋቋም ላይ ሲደረስ ነገሩ ሙሉ በሙሉ ክዋኔ ይሆናል። ሊቃውንቱ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይቆማሉ። መቋሚያ፣ ጸናጽልና ከበሮ አለ። ቁም፣ ዝማሜ፣ መረግድ፣ ጽፋት፣ ወረብ የሚባሉ አካሄዶች አሉ፤ አንዱ በዝግታ በድምፅ ብቻ፣ ሌላው በመቋሚያ እየተዘመመ፣ ሌላው በከበሮና በጭብጨባ እየፈጠነ። እያንዳንዱ ቃል ላይ መቋሚያው ወዴት እንደሚዘነብል፣ ጸናጽሉ መቼ እንደሚመታ የተወሰነ ነው። በጥምቀት ጎንደር ላይ የምናየውና ቪዲዮ የምንቀርጸው ውዝዋዜ ከበስተጀርባው የዓመታት ልምምድ አለበት። ያንን ልምምድ ማንም አይቀርጸውም፤ የሚከናወነው ሌሊትና ንጋት ላይ፣ ጨለማ ጎጆ ውስጥ ነው።

የዚህ ሁሉ ወጪ የሚሸፈነው በቁራሽ እንጀራ ነው። ተማሪው ከመንደሩ ይለምናል፣ መንደሩ ያበላል። ትምህርት ቤቱ ራሱን ችሎ የቆመ ቢመስልም ጀርባው ገበሬው ላይ ነው። ስለዚህ መንደር ሲናጋ ትምህርት ቤቱም አብሮ ይናጋል። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ድረስ ሲገባ፣ ሰው ቤቱን ጥሎ ሲሸሽ፣ ልመና የሚወጣበት በር ራሱ ተዘግቶ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ በጀት ጋር ሲነጻጸር ይህ ሥርዓት ርካሽ ነው የሚል ሰው ካለ፣ ዋጋውን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ይጠይቅ።

ፊደሉና ጉሮሮው

አሁን ወደ ራሴ ጥያቄ ልመለስ። ዜማው የት ነው የተቀመጠው?

የድጓ ብራና ያየ ሰው ከግዕዙ ጽሑፍ በላይ ደቃቅ ምልክቶች ተደርድረው ያገኛል። ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኞቹ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደትና ቁርጥ የሚባሉት ስምንቱ ናቸው፤ ድምፁ የት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚንቀጠቀጥ፣ የት እንደሚቆረጥ ያመለክታሉ። ሁለተኞቹ ፊደላት ናቸው። ትውፊቱ የምልክቶቹን ሥርዓት በአጼ ገላውዴዎስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1540 እስከ 1559 ባለው ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል አደላደሉት ይላል። ጊዜውን ልብ በሉ፤ የኢማም አህመድ ጦርነት ማግስት ነው። ብራና ተቃጥሏል፣ ሊቃውንት አልቀዋል። የሚያስታውስ ሰው እያነሰ ሲሄድ የሚያስታውስ ጽሑፍ መፈለጉ የሚጠበቅ ነው።

ፊደላቱ እንዴት እንደሚሠሩ ሳውቅ እንደ ሶፍትዌር ሠሪ ተገረምኩ። አንድ ምልክት ከአንድ የታወቀ የድጓ ሐረግ የተወሰዱ ሁለት ሦስት ፊደላት ነው። ያ ሐረግ «ሥረይ» ይባላል። ምልክቱ አዲስ ቃል ላይ ሲቀመጥ «ይህን ቃል በዚያ ሐረግ ዜማ በለው» ማለት ነው። እንዲህ ያሉ ምልክቶች በመቶዎች ይቆጠራሉ። አምስት መስመር ላይ የሚጻፈው የአውሮፓ ኖታ የድምፁን ከፍታና ርዝመት ይናገራል፤ ኖታ ማንበብ የሚችል ሰው ሰምቶት የማያውቀውን ዜማ ከወረቀቱ አንብቦ ሊያወጣው ይችላል። የድጓ ምልክት ግን ዜማውን አልያዘም፤ ዜማው ያለበትን ነው የሚጠቁመው። በእኛ ሙያ ቋንቋ ሊንክ ነው። ሊንኩን ብትነካው የሚከፈተው ገጽ ያለው ተማሪው ጭንቅላት ውስጥ ነው፤ እዚያ ያስቀመጠው ደግሞ መምህሩ ነው።

ይህ ኋላ ቀርነት አይደለም። ድጓን የሚያህል መጽሐፍ በአንድ ሰው ትከሻ እንዲዞር ያደረገ ጥበብ ነው። ድክመቱም ግን እዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ፕሮጀክት ወደ 9,000 የሚጠጉ ብራናዎችን ፎቶ አንስቷል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ዕድሜያቸውን ሙሉ የመዘገቡት እነዚህን ነው። ትልቅ ሥራ ነው፣ ባይሠራ ኖሮ ብዙ ነገር በጠፋ ነበር። የዳነው ግን ጽሑፉ ነው። ሥረዩን በጉሮሮው የያዘ ሰው ከሌለ በጣም ጥራት ያለው ስካን እንኳ የማይከፈት ሊንክ ክምችት ይሆናል። ዜማን ማዳን ማለት መምህር እንዲኖር፣ መምህሩም ተማሪ እንዲኖረው ማድረግ ማለት ነው። ከዚህ ውጭ አቋራጭ የለም።

ስድስት ኪሎ፣ 1963

የዘመናዊው ሙዚቃ ትምህርት በሌላ በር ነው የገባው። እ.ኤ.አ. በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችና አሠልጣኛቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የነሐስ መሣሪያውንና ኖታውን ይዘው መጡ። ከዚያ በኋላ ሙዚቃ «መማር» ማለት በከተማ ሰው አፍ ኖታ መማር ማለት ሆነ። ማሲንቆ የሚመታው አዝማሪ ይዘፍናል እንጂ «ተምሯል» አይባልም። መሪጌታው ተምሯል፤ ግን ሙዚቃ አይባልም።

እነዚህ ሰዎች ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አብረው የተገኙበት አንድ ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ1963 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኪነ ጥበባት ማዕከል ተቋቋመ። ግብፃዊ አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤልዳብ በዚያው ዓመት ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን እዚያ መሠረተ። ክራር፣ ማሲንቆ፣ በገና፣ ዋሽንት፣ እምቢልታና ከበሮ የሚጫወቱ ሰዎች ከየአቅጣጫው ተሰበሰቡ። ከዚያ በፊት አንድ ላይ ተጫውተው የማያውቁ፣ ቅኝታቸውም ባህላቸውም የተለያየ ነው። ሐሊም ሲሄድ ሌሎች ተረከቡት፤ ቀጥሎም ተስፋዬ ለማ ለዓመታት መራው። ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካ ዞሮ በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ትርኢት ላይ ሳይቀር ቀርቧል። በ1975 ተበተነ።

እኔን የሚያስገርመኝ የአሜሪካው ጉዞ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው እነዚህን ሰዎች ያስገባው የስምንተኛ ክፍል ካርድ ሳይጠይቅ መሆኑ ነው። የችሎታቸው ማስረጃ መጫወታቸው ነበር። ይሄ «ማስመስከር» እኮ ነው! ነገር ግን በሩ የተከፈተው ለተጫዋችነት ነው፤ እስከ መምህርነት ወንበር አልዘለቀም። ተማሪ ተመድቦላቸው፣ ኮርስ ተቀርጾላቸው፣ በዲግሪ የሚያስመርቁ ሰዎች አልሆኑም። ስለዚህ ቡድኑ ሲበተን ያካበተው ልምድም አብሮ ተበተነ።

በዚያው አሥርት ዓመት የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ የመጀመሪያው ዳይሬክተር የሙዚቃ ደራሲና ተመራማሪ የነበሩት አሸናፊ ከበደ ናቸው። ትምህርት ቤቱ የያሬድን ስም ያዘ። ተማሪው ፒያኖ ወይም ቫዮሊን የመሰለ የውጭ መሣሪያ ይማራል፤ ከክራር፣ ከማሲንቆ፣ ከዋሽንትና ከበገና ደግሞ አንዱን ይይዛል። እዚህ ላይ አንድ መልካም ምሳሌ አለ። ዓለሙ አጋ በገናን የተማረው በልጅነቱ ጎረቤቱ ከነበሩት ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል እግር ሥር ነው። የዩኒቨርሲቲ ትምህርቱ ጂኦግራፊ ነው። በያሬድ ትምህርት ቤት ለዓመታት በገና ያስተማረው ግን ከአለቃ በወሰደው ቀለም ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሲገኝ ሰንሰለቱ አይቆረጥም። ትምህርት ቤቱ በኋላ፣ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ማብቂያ፣ ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገባ። የዩኒቨርሲቲ መለኪያም አብሮ መጣ፤ መምህር ለመሆን ዲግሪ፣ ቀጥሎም ማስተርስ።

ትያትሩም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። ከቀደምት ፀሐፌ ተውኔቶቻችን አንዱ ዮፍታሔ ንጉሤ ከጎጃም ደብረ ኤልያስ የወጣ የቅኔ ሰው ነበር፤ ዜማና ቅኔውን ይዞ ነው መድረክ ላይ የወጣው። ዩኒቨርሲቲው የትያትር ጥበባት ትምህርት ክፍል የከፈተው በፈረንጆቹ 1970ዎቹ መጨረሻ ነው። እዚያ ካስተማሩት አንዱ መንግሥቱ ለማ ነበር። የ«ጠልፎ በኪሴ» ደራሲ፣ ለንደን የተማረ፣ ሕንድ አገር በዲፕሎማትነት የሠራ ሰው ነው። አባቱ አለቃ ለማ ኃይሉ ግን ትልቅ የቤተ ክህነት ሊቅ ነበሩ፤ መንግሥቱ የአባቱን ትዝታ ከአንደበታቸው ቀድቶ መጽሐፍ አድርጎ አሳትሟል። የአለቃ እምባቆም ቃለ ወልድን ስለ ቤተ ክህነት ትምህርት የተጻፈ መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ የተረጎመውም እሱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970 ኒው ዮርክ ታተመ። ሁለቱን ዓለም በአንድ ራስ የያዘ ሰው ነበር። ችግሩ ድልድዩ እሱ ራሱ መሆኑ ነው። ሰውየው ሲያልፍ የሚቀር የአሠራር መንገድ አልተዘረጋም።

የቀሩት

የድሮውን ብቻ እያወደስኩ እንዳልሄድ ሁለት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ ዜማ ቤቱ የወንዶች ነበር፤ ነውም። ሴት ልጅ ድጓ ልማር ብትል የምትገባበት በር የለም ማለት ይቻላል። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን አስቡ። በስዊዘርላንድና በካይሮ የሠለጠኑ ፒያኒስት፣ ኋላም መነኩሲት ነበሩ። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ጎንደር ተቀምጠው የያሬድን ዜማ ያጠኑ ነበር። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመላለሱ የዜማ ተማሪዎች ደጅ ላይ፣ ብርድ ላይ ተኝተው ያያሉ። እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን ያሳተሙት የመጀመሪያ ሸክላ ገቢው እንዲህ ላሉ ድሆች እንዲውል ነበር። በሌላ አነጋገር፣ ተማሪዎቹን ለመርዳት ከራሷ ጣት የከፈለችው ሴት በዚያው ትምህርት ቤት ተማሪ ልትሆን አትችልም ነበር። ዩኒቨርሲቲው በዚህ በኩል የሠራው ነገር ቀላል አይደለም፤ ሴት ልጅ ከወንዱ እኩል ክፍል ገብታ ማሲንቆ ትይዛለች፣ ትወና ትማራለች። ሁለተኛ፣ አዝማሪው ከሁለቱም ቤት ውጭ ነው። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል፤ ሰርግ ላይ ይፈለጋል፣ ማዕድ ላይ ይናቃል። ቤተ ክህነቱ አይቀበለውም፣ ዩኒቨርሲቲውም ካርድ ይጠይቀዋል።

ሰንሰለት ሲቆረጥ ምን እንደሚሆን ለማየት ከስሜንና ከወገራ መውጣት አያስፈልግም። ቤተ እስራኤል በእነዚህ ተራሮች ለዘመናት የኖሩ ናቸው። የራሳቸው ቄሶች፣ የራሳቸው መነኮሳት፣ በግዕዝ የሚዜም የራሳቸው ጸሎት ነበራቸው፤ ቄሶቹም የሚሠለጥኑት በመነኮሳቱ ዘንድ ነበር። አሜሪካዊቷ የሙዚቃ ተመራማሪ ኬይ ካውፍማን ሸለሜ እ.ኤ.አ. በ1973 ጎንደር አካባቢ ይህን ዜማ ቀድታ አጥንታለች፤ በ1986 ባሳተመችው መጽሐፍም ዜማቸው ከክርስቲያኖቹ የገዳም ዜማ ጋር የተሳሰረ መሆኑን አሳይታለች። ከ1984 እስከ 1991 ባሉት ዓመታት ሕዝቡ በብዛት ወደ እስራኤል ሄደ። ቅጂው አለ፤ ጽሑፉ አለ፤ ዜማውን የያዙ ቄሶችም አብረው ሄደዋል። ተራራው ላይ ግን መምህሩም ተማሪውም የለም።

ቅጹ ላይ የሌለው ሳጥን

አጎቴ መሪጌታ ነው። ድጓ አስመስክሯል፣ አቋቋም ተምሯል፤ ሲደመር አሥራ ስምንት ዓመት በትምህርት ላይ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ መሥሪያ ቤት የጥበቃ ሥራ ሲያመለክት ቅጹ በኦንላይን ነበርና በስልኬ የምሞላለት እኔ ሆንኩ። «የትምህርት ደረጃ» የሚል ሳጥን ላይ ደረስን። ከ8ኛ ክፍል በታች፣ 8ኛ፣ 10ኛ፣ 12ኛ፣ ዲፕሎማ፣ ዲግሪ፣ ከዚያ በላይ።

«ጋሼ፣ ምን ልበል?»

«ያለውን ጻፍ እንጂ ልጄ።»

ያለው አልነበረም። «ሌላ» የሚል ምርጫም አልነበረም። «ከ8ኛ ክፍል በታች» የሚለውን ነካሁ፤ ቅጹ ወደ ቀጣዩ ገጽ አለፈ። አጎቴ አልተናደደም። «ስንተኛ ክፍል አደረገኝ?» ብሎ ጠየቀኝና ስነግረው ሳቀ።

ይህ የአንድ ሰው ጉዳይ አይደለም። ዳታቤዝ የሚያውቀው ሠንጠረዡ ላይ ያለውን ብቻ ነው፤ ሳጥን ያልተሠራለት እውቀት በሥርዓቱ ዓይን የለም። ሥርዓቱ የማያየው ሰው ደግሞ አይቀጠርም፣ ደመወዝ አያገኝም፣ ልጁንም ወደዚያ ሙያ አይልክም። የዜማ ቤት ተማሪ እያነሰ ነው ስንል ምክንያቱን ሞባይልና ዘመን ላይ መለጠፍ እንወዳለን። የአሥራ ስምንት ዓመት ትምህርት ዜሮ ተብሎ የሚቆጠርበትን ሙያ አልመርጥም ያለ ወጣት ግን ሒሳቡን በትክክል ነው የሠራው።

መፍትሔው እንግዳ ነገር አይደለም። በሙያና ቴክኒክ በኩል አገራችን የብቃት ምዘና የሚባል ነገር አላት፤ ሲኦሲ የምንለው። ጋራዥ ውስጥ በልምድ የሠለጠነ መካኒክ ክፍል ሳይገባ ተፈትኖ የብቃት ወረቀት ሊያገኝ ይችላል። ለመካኒክ የተቻለ ነገር ለአቋቋም መምህርና ለማሲንቆ ባለሙያ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም። ፈታኞቹም አሉ፤ ምስክር ቤቶቹ አሁንም ቆመዋል።

ሌላውም አገር ይህን አልፎበታል። በሕንድ ኬረላ፣ ገጣሚው ቫላቶል ናራያና ሜኖን እ.ኤ.አ. በ1930 ካላማንዳላም የተባለ ትምህርት ቤት ከፈተ። ካታካሊ የሚባለው የዝማሬ፣ የውዝዋዜና የትወና ጥበብ እየከሰመ ነበር። ሜኖን ያደረገው ነባሮቹን መምህራን ሰብስቦ፣ የንጋት ልምምዳቸውንና አሠራራቸውን ሳይነካ፣ ደመወዝና ቤት መስጠት ነው። ያ ትምህርት ቤት ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ማዕረግ አለው። ማዕረጉ ሲመጣ ነባሮቹን መምህራን አስወጥቶ አልመጣም።

እኛ ዘንድ ዩኒቨርሲቲዎች ለአንጋፋ አርቲስቶች የክብር ዶክትሬት ይሰጣሉ፤ ደስ ይላል። የክብር ዶክትሬት ግን የሚሰጠው ሰውየው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ነው። የሚያስፈልገው ገና ጉልበት ሳለው፣ ድምፁ ሳይሻክር፣ ክፍልና ተማሪ የሚሰጥ ወረቀት ነው።

ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ደባርቅ የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት። ያሬድ አስተምሮበታል ከሚባለው ተራራ እግር ሥር ያለ ተቋም ነው። በስሙ አዳራሽ ቢሰየም፣ ግንቦት 11 በዓሉ ላይ ሲምፖዚየም ቢደረግ አልጠላም። ከዚያ ይልቅ ግን እዚያም ሆነ ጎንደር ላይ ቢጀመር የምወደው ትንሽ ነገር ነው። ከምስክር ቤት የወጡ ሁለት መምህራን፣ ከወገራ አንድ የማሲንቆ ባለሙያ፣ የረዳት መምህር ደመወዝ፣ ከበሮ የሚመታበት ሰው የማይረብሽ አንድ ክፍል፤ ሴትም ወንድም የሚመዘገብበት። ቀረጻ ይኑር፤ ምልክቱ ሲነካ ሥረዩ የሚሰማበት ፕሮግራም ልሥራ ብባል ቅዳሜና እሁዴን እሰጣለሁ። መምህሩ ከሌለ ግን የምሠራው ፕሮግራም ሙዚየም ነው የሚሆነው።

አዲሱ ቅጥር ሲወጣ ደግሞ ማስታወቂያው ላይ «የትምህርት ደረጃ» ከሚለው ሥር አንድ መስመር ይጨመር፦ «ወይም ከታወቀ ምስክር ቤት ያስመሰከረ»። ፕሮግራመሩ ሳጥኑን ለመጨመር ከሰዓት በላይ አይፈጅበትም።